ኮሪያዊው መምህር

"ማስተር፣ ዛሬ ካልነገሩኝ ባነሩ ያለ እርስዎ ይታተማል!" አለች ፍቅርአዲስ፣ ስልኳን ይዛ አጠገቡ ቁጢጥ እያለች።

አሸብር የተቀደደውን የቡጢ ከረጢት በሲባጎ እየሰፋ ነበር፤ ቀና አላለም። ጎጃም በረንዳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የቴኳንዶ ክለብ የእሱ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሮባታል። አሁን ተመዝጋቢ እንዲበዛ የአሰልጣኞቹ ፎቶና ታሪክ በትልቁ ታትሞ ከመግቢያው በላይ ሊሰቀል ነው። ሐሳቡ የፍቅርአዲስ ነው። እሷ በስፖርት ሳይንስ ተመርቃለች፤ ሌላው አሰልጣኝ ይገረም አሥር ዓመት ወታደር ነበር። የሁለቱ ታሪክ በአንድ ቀን ተጽፎ አለቀ። የቀረው የአለቃው ነው፤ እሱማ ሳምንቱን ሙሉ "ነገ፣ ነገ" ነው።

"ምኑ ያስቸግራል? ኮሪያዊው መምህርዎ ማን ይባላሉ? ስማቸውን ብቻ ይንገሩኝ።"

ስሙን አያውቀውም። ጉድ ማለት ይኼ ነው! ሰውዬውን በዓይኑም አይቶት አያውቅም።

ያኔ አሸብር በርበሬ በረንዳ ተሸካሚ ነበር። ጓደኛው ፍስሐም ጠዋት ጠዋት አብሮት ጆንያ ይሸከማል፤ ከሰዓት ደግሞ አንድ ኮሪያዊ ቴኳንዶ የሚያስተምርበትን አዳራሽ ያጸዳል። ኮሪያዊው አንድ ቀን መጥረጊያውን አስቀምጦ ከተማሪዎቹ ጋር እንዲሰለፍ ጠራው። ፍስሐ የተማረውን ሁሉ በማግስቱ ማለዳ፣ የጭነት መኪና ሳይመጣ፣ ባዶ ጆንያ አንጥፎ ለአሸብር ያስተምረዋል። ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ሁለቱ አብረው ክለቡን የከፈቱ ቀን አንድ የተማሪ አባት፣ "አንተን ማን ነው ያስተማረህ?" ብሎ ጠየቀ። አሸብር "ኮሪያዊ ነው" አለ። ተሸካሚ አስተማረኝ ብል ማን ልጁን ይሰጠኛል ብሎ ነው። ፍስሐ እርግጫ የሚቀበልበትን ፓድ ይዞ እዚያው አጠገቡ ቆሟል። አልተቆጣም፤ አልተሳደበም። ፓዱን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ጫማውን አደረገና ደረጃውን ወረደ። በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አሸብር በርበሬ በረንዳን ረግጦ አያውቅም። ወደ ቤቱ የሚሄደው በአንዋር መስጊድ ዞሮ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ይጨምርበታል። ቢፈጥንስ ማን ይጠብቀዋል? ስልኩ ላይ የሚደውሉት "ልጄ ደረሰ?" የሚሉ ወላጆች ብቻ ናቸው። በዓል ሲመጣ ክለቡ ይዘጋል፤ ያኔ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገር ውሎ ያድራል። ፍስሐ የሚናፍቀው ያኔ ነው።

"ማስተር?"

"ኮሪያዊ የለም" አለ።

"ምን?"

"የለም አልኩሽ። እኔን ያስተማረኝ ፍስሐ ነው፤ የበርበሬ በረንዳ ተሸካሚ። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።"

ፍቅርአዲስ ሳቀች። ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። "ኧረ ማስተር! ስንት ዓመት ለሰው ስናወራ ኖረን? ወላጆች ውሸታም አይሉንም? ልጆቻቸውን ቢያስወጡስ?"

"ያስወጡ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"ሰውዬው በሕይወት አሉ?" ብላ ጠየቀችው።

"አላውቅም።" ሲባጎውን ጠበቅ አድርጎ ሳበ። "የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው እኮ፤ አላውቅም።"

ፍቅርአዲስ ስልኳን አየች። "እንግዲያው የእሳቸው ፎቶ ያስፈልጋል" አለች ቀስ ብላ። "ከእርስዎ ጎን አደርግልዎታለሁ። ማተሚያ ቤቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቀናል።"

አሸብር መርፌውን ከረጢቱ ላይ ሰክቶ ተነሣ።

በርበሬ በረንዳ ገና ሳይደርስ ሽታው ተቀበለው፤ በላይ በላዩ አስነጠሰው። ጆንያ ሲሸከም አንድም ቀን አስነጥሶት አያውቅም ነበር። ከዛላ በርበሬ ክምር ኋላ የተቀመጠች ነጋዴ ሳቀችበት።

"ይማርዎት ጋሼ! ለሰፈሩ እንግዳ ነዎት መሰለኝ። ምን ልስጥዎት?"

አሸብር እንባውን በእጁ ጠረገ። መንገዱን ሙሉ "ጓደኛዬን" ሊል ነበር ያሰበው።

"መምህሬን ፈልጌ ነው" አላት። "ፍስሐ ይባላል።"