የአቶ ሕሩይ ሰንሰለት

ማቲዎስ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹም እሺ ተብለው፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ሳለ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር። የእጮኛው የነፃነት አባት አቶ ሕሩይ እስከዛሬ «አቶ ማቲዎስ» ነው የሚሉት። የልጃቸው እጮኛ ነው፣ በየሳምንቱ ከማዕዳቸው ይቆርሳል፤ ግን «አቶ»። «አቶ ማቲዎስ፣ ይጨምሩ እንጂ» ሲሉት የጎረሰው አልወርድ ይለዋል። «ልጄ» እንዲሉት ነበር የሚፈልገው። ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአማቱ የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ተበጥሶ «አቶ ማቲዎስ፣ ካላስቸገርኩዎ ወሰን ሰፈር ወርደው አንድ ሰንሰለት ቢገዙልኝ» ሲሉት፣ ተናግረው ሳይጨርሱ ከግቢ ወጣ። ጉዳዩ አጣዳፊ ነበር። የካ ዳገት ላይ ባለው ግቢያቸው አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ተጋድሟል፤ አቶ ሕሩይ ደግሞ የሠርጉ ድንኳን ሌላ የትም ሳይሆን ግንዱ የተኛበት ቦታ ላይ እንዲተከል ወስነዋል። ግንዱ ተቆራርጦ ካልተነሳ ድንኳን የለም።

የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ሳምራ ትባላለች። የተበጠሰውን ሰንሰለት ከአዲሶቹ ጎን ዘርግታ ውፍረቱንና ርዝመቱን ካመሳከረች በኋላ ልኩ የሆኑ ሁለት ዓይነት አቀረበችለት።

«ይሄ ጥርሱ ሹል ነው፤ ቶሎ ይቆርጣል፣ አፈር ከነካው ግን ወዲያው ይደንዛል። ይሄኛው ጠርዙ ክብ ብሏል፤ ዘገም ይላል እንጂ አፈር ይችላል። ግንዱ የት ነው ያለው?»

«መሬት ላይ።»

«እንግዲያው ክቡን ውሰድ።»

ማቲዎስ ግን አማቱን ሊያስደንቅ ነው የመጣውና ሹሉን ወሰደ። ሳምራ እየጠቀለለችለት «ስትገጥሙት ከላይ በኩል ስለቱ ወደ መጋዙ ጫፍ ይዙር፣ ወደ ሞተሩ አይደለም» አለችው።

አቶ ሕሩይ ወደ ሞተሩ አዙረው ገጠሙት። ከማዘጋጃ ቤት በክብር ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰንሰለት ግን ገጥመው አያውቁም፤ የፊተኛው ከመጋዙ ጋር ተገጥሞ የመጣ ነው። ማቲዎስ አጠገባቸው ቆሞ አየ። አፉን ከፈተ። ይሉኝታ የሚሉት ጉድ መልሶ ዘጋለት።

ሞተሩ ጮኸ፣ ግንዱ ጨሰ፤ ሰጋቱራ የሚባል ነገር ግን አልወጣም።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ አቶ ሕሩይ።

«ምናልባት…» አለ ማቲዎስ። «ምናልባት ጥርሱ ለባሕር ዛፍ አይሆን ይሆናል።»

በዚህች ቃል ምክንያት ወደ ወሰን ተመለሰ። ሳምራ የጠቆረውን ሰንሰለት ገና ስታየው «ገልብጣችሁታል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«የገጠሙት አማቴ ናቸው።»

«ውይ» አለችና ሳቋን ዋጠችው። «በል ክቡን ውሰድ። ግን ልንገርህ፣ ሱቁን ሙሉ ብትወስድላቸው እስካልተነገራቸው ድረስ አንዱም አይቆርጥም።»

ታክሲ ውስጥ ንግግሩን ተለማመደ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…» የሚል፣ ለስለስ ያለ፣ ጥሩ ንግግር ነበር። ግቢ ሲደርስ አቶ ሕሩይ ሰንሰለቱን ተቀብለው፣ ሞቅ ባለ ስሜት ገልብጠው ገጠሙት፤ ንግግሩም የት እንደገባ ጠፋ።

ነገሩን ከእሱ የሰማችው ነፃነት ከጎኑ መጥታ «ሲሪየስሊ፣ መገልበጡን ለምን አትነግረውም?» አለችው በሹክሹክታ።

«አንቺስ?»

«እኔማ ይቆጣኛል።»

ግንዱ አሁንም ጨሰ። አቶ ሕሩይ ሞተሩን አጠፉ፣ ሰንሰለቱን ፈቱ፣ ኮታቸውን ደረቡ።

«ሴትዮዋ አጭበርባሪ ናት። አሁን ራሴ ሄጄ ሰው ፊት ነው የማዋርዳት። ይምጡ፣ ሱቋን ያሳዩኝ።»

ማቲዎስ ሳቋን የዋጠችው ሳምራ ድቅን አለችበት። ያቺ ምስኪን ምን አደረገች? ቢናገር አማቱ ይጠሉታል፤ ይህን እርግጠኛ ነበር። ቢሆንም የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ቆመ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም። የኔ ነው።»

«የእርስዎ?»

«ሰንሰለቱ ተገልብጦ ሲገጠም እያየሁ ዝም አልኩ። ሁለቱንም ጊዜ።»

አቶ ሕሩይ ሰንሰለቱን አዩ፣ ማቲዎስን አዩ፣ የጠቆረውን ግንድ አዩ። ቀስ ብለው ኮታቸውን አወለቁ። «ይግጠሙት» አሉ። ድምፃቸው ከእንጦጦ ከሚወርደው ነፋስ ይቀዘቅዝ ነበር።

ማቲዎስ ስለቱን ወደ ጫፉ አዙሮ ገጠመው። ሞተሩ ሲነሳ ሰጋቱራው ጫማቸው ላይ ተከመረ፤ ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው ጉማጅ ከግንዱ ተለየ። ተለይቶም አልቀረ። ቁልቁል መንከባለል ጀመረ፤ ግቢውን አቋርጦ፣ የጽጌረዳውን መደብ ጨፍልቆ፣ የቆርቆሮውን በር ጓ አድርጎ ቆመ።

አቶ ሕሩይ በሩን ብዙ ተመለከቱት።

«እንግዲህ ድንኳኑ እዚህ ቢተከል…» አሉና አልጨረሱትም።

«ወንበሩም ወጡም ሚዜዎቹም እዚያው በሩ ላይ ነው የሚደርሱት» አለ ማቲዎስ። አፉ አንዴ ተከፍቶለታል።

«ቦታው ለድንኳን እንደማይሆን ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቃል?»

በረንዳው ላይ ነፃነት እጇን አወጣች። ከኋላዋ እናቷ ወይዘሮ ሥርጉትም አወጡ።

አቶ ሕሩይ ግንዱ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ማቲዎስ ግን አልሳቀም፤ መጋዙን እንደያዘ ፍርዱን ይጠብቅ ነበር።

«ስንት ጊዜ ሙሉ ድንኳኑ እዚህ፣ ድንኳኑ እዚህ እያልኩ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ቤት ሙሉ ሰው ዝም ይለኛል።» ከጎናቸው ያለውን ግንድ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ። እስቲ ሌላም ያየኸው ካለ ንገረኝ።»

ማቲዎስ ተቀመጠ። ከየቱ እንደሚጀምር ግራ ገባው።