የመምህርቷ ብልቃጥ

አናጢውን ወዳጆቹ «አፍንጫ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። አንድ ቀን ዓይኑን በፎጣ አስሮ ሦስት ብርጭቆ ራም የተባለውን የሸንኮራ አረቄ ቢደረድርለት፣ አናጢው አንዱንም ሳይቀምስ በአፍንጫው ሥር ብቻ አሳልፎ፣ የትኛው ከሸንኮራ ጭማቂ፣ የትኛው ከስኳር ዝቃጭ እንደተሠራ፣ የትኛውስ በርሜል ውስጥ ብዙ ዓመት እንደተኛ አንድ በአንድ ነገረው። ከዚያ ወዲህ እናቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ።

ራም መሰብሰቡ ለስካር አይደለም። በሃያ ዓመት ውስጥ ሰክሮ ያየው የለም። ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ በገዛ እጁ የሠራው መደርደሪያ አለ፤ ስልሳ አንድ ጠርሙስ ቆሞበታል። አይጋደሙም፤ ቡሹን አልኮሉ ይበላዋልና። አንዱ ጠርሙስ እየጎደለ ሲመጣ አየር እንዳያበላሸው ወደ ትንንሽ ብልቃጥ ይገለብጠዋል፣ አንገቱን በሰም ያሽጋል፣ ቁጥር ይለጥፍበታል። ከዚያ ለሁለቱ የቅምሻ ጓደኞቹ ያድላል። አንዱ ያው የሚስቱ ወንድም ነው፤ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ከዕረፍቱ ቀን በስተቀር ጠብታ አይነካም። ሌላዋ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህርት ናቸው።

ደንባቸው አይዛነፍም። ቅዳሜ ረፋድ ልክ አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም በየቤቱ ብቻውን ይቀምሳል፤ የሸተተውንና የቀመሰውን በወረቀት ይጽፋል። እሑድ ከምሳ በኋላ መምህርቷ ቤት ተሰብስበው ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ። ክርክሩ ሲከር ሁሉም ወደ አናጢው ይዞራል። «አፍንጫ ምን ይላል?» ይባላል። አፍንጫ ካለ አለቀ።

ታዲያ የዛሬ ሁለት ወር ግድም አናጢውን ጉንፋን ያዘው። በሳምንቱ ለቀቀው፤ ሲሄድ ግን ሽታን ሁሉ ይዞበት ሄደ። ጠርሙስ ከፍቶ ቢያሸት ውኃ ሆነበት። ሳሙና አሸተተ፤ ምንም። ቤንዚን አሸተተ፤ ምንም። ሚስቱ ለእጥበት ያስቀመጠችውን የገዛ ሸሚዙን ብብት አሸተተ፤ እንደ አዲስ ጨርቅ ነው። «ነገ ይመለሳል» አለ። ነገ አልተመለሰም። ለማንም ትንፍሽ አላለም። አፍንጫ የተባለ ሰው አፍንጫ የለኝም ብሎ እንዴት ይናገራል? ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ ደብተሩን ያገላብጥና ከዚያም ከዚህም ቃርሞ ይጽፋል። እሑድ ሲያነብ ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ ዓይኑን ግን ከወረቀቱ አያነሳም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ቁጥር ሰባት የተባለውን ራም ወደ ሦስት ብልቃጥ ቀዳ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከእነዚያው ብልቃጦች በአንዱ፣ ለወንበር ማቅለሚያ የሚሆን ቫርኒሽ፣ ሙጫ በአልኮል አሟሙቶ፣ አስቀምጦ ነበር። ያ አልኮል የማይጠጣው ዓይነት ነው፤ ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ በዛ ካለም ይገድላል። መልኩ ማር የመሰለ ነው፤ የራሙም መልክ ማር ነው። በዚህ መሐል አንዲት ደንበኛ ስለ ቁም ሣጥን በር ልታነጋግረው መጣች። ሸኝቷት ሲመለስ ሦስት ብልቃጥ አነሣ፣ አሸገ፣ ሰባት ቁጥር ለጠፈ። አንዱን ለራሱ አስቀርቶ ሁለቱን ለባለቤቶቻቸው አደረሰ።

ቅዳሜ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ የወንበር እግር ሊቀባ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ብልቃጥ ከፈተ። በብሩሽ ነክሮ እንጨቱ ላይ አስኬደው። አላበራም፤ አልያዘም። እንጨቱን እንደ ውኃ አራሰውና ቀረ። ድጋሚ ቀባ። ያው ነው። ብልቃጡን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ከዚያ ምን እንደሚጠብቅ ራሱም አያውቅ።

«አንቺ! እስቲ ነይ!» አለ።

ሚስቱ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ከጓሮ ገባች።

«ይቺን ሽተቺልኝ።»

«እኔ ልሽተት? አንተ እያለህ?»

«ሽተቺ ስልሽ!»

አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። «ይሄማ ያው ራምህ ነው። ምነው?»

አናጢው ክው አለ። ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ሚስቱ ደንግጣ ክንዱን ያዘችው።

«ምን ሆነሃል? ለምን አንተ አታሸተውም?»

«አላሸትም» አለ። «ሁለት ወር ሆነኝ። ምንም አይሸተኝም።» ቃሉ ከአፉ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። «ቫርኒሹን አሽጌ ለሰው ሰጥቻለሁ። ለአንዳቸው መርዝ ሰጥቻለሁ!»

ሚስቱ ልትቆጣም ልታለቅስም ጊዜ አላገኘችም። የእሱን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አወረደች፣ ሰሙን በጥፍሯ ላጠች፣ አሸተተች። «ይኼም ራም ነው።» ስለዚህ መርዙ ያለው ወይ ወንድሟ ዘንድ ነው፣ ወይ መምህርቷ ዘንድ። ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

መምህርቷ ስልካቸው ዝግ ነው። ቅምሻ ባለበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያጠፉታል፤ ወሬ ምላስ ያበላሻል ይላሉ። ሹፌሩ ግን ወዲያው አነሳ።

«ጋሼ፣ ገና አምስት አልሞላም እኮ! ልትሰልለኝ ነው?»

«እንዳትቀምስ! ክፈተውና ሽተተው ብቻ!»

«ምን ጉድ ነው?»

«ሽተተው አልኩህ!»

በስልኩ ውስጥ ሰሙ ሲሰበር፣ ቡሹ ሲነቀል ተሰማ። ሹፌሩ በረጅሙ ሳበ። «ሙዝ። የበሰለ ሙዝ፣ ትንሽ የተቃጠለ ስኳር። ሰባት ቁጥርማ ሸጋ ነው! ምነው?»

ሹፌሩ ከተረፈ የቀሩት መምህርቷ ናቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ እንደተሰካ እግሬ አውጪኝ አለ።

ታክሲ አገኘ። ሁለት መንገድ እንደሄደ መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ቆመ። ወርዶ መሮጥ ጀመረ። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ግራ ጉልበቱም ጤነኛ አይደለም። ሰው ዘወር እያለ ያየዋል። አንዱ «ሌባው በየት ሄደ?» አለው። እሱ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መምህርቷ ሲቀምሱ አይጣደፉም፣ መጀመሪያ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥተው መልኩን ያያሉ። «እባክሽ ፀሐይ፣ አቆዪልኝ» ይላል። ደግሞ ወዲያው ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል፦ አፍንጫ የመረጠውን ራም መምህርቷ ሽታው ቢከፋቸው እንኳ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብለው ቢጎነጩትስ?

ሕንፃው በር ሲደርስ አምስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ሆኗል። አራተኛ ፎቅ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለለ፣ ከዚያ አንድ አንዱን፣ መጨረሻ ላይ መደገፊያውን እየጎተተ ወጣ። በሩን በጡጫ ደበደበው።

መምህርቷ ከፈቱ። ዓይናቸው ደም መስሏል። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«መምህር! ያዩኛል?» ጣቶቹን ፊታቸው ላይ ዘረጋ። «ስንት ነው? ስንት ጣት ነው?»

«ሦስት» አሉ መምህርቷ። «መሐለኛው ላይ ፕላስተር አለበት። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው፣ ምን ያስጮኽሃል? ግባ፣ ሳትወድቅ።»

በሩ ሥር እንዳለ ቁጭ አለ። መምህርቷ ውኃ አምጥተው ሰጡት፤ ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው።

«አልጠጡትም?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የኖርኩ ሰው ቫርኒሽ ልጠጣልህ?» አሉ። ብልቃጡን ከመስኮቱ ደፍ አንሥተው አሳዩት። በላስቲክ ጠቅልለውታል፤ ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አይጠጣም» ብለው ጽፈውበታል። «ሰሙን እንደላጥኩት ገባኝ። ስልኬን አብርቼ መጀመሪያ ለሹፌሩ ደወልኩ፤ የሱ ደኅና ነው። ለአንተ ስደውል ሚስትህ አነሳች። ‹ወደ እርስዎ እየሮጠ ነው› አለችኝ። ያ ጉልበት እዚህ እስኪደርስ ድረስ ምሳዬን ላሰናዳ ብዬ ነው።»

አናጢው መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ተቀየረ፣ ልቅሶው መልሶ ሳቅ ሆነ። ሽርጡን ፊቱ ላይ ጋረደ። መምህርቷ አጠገቡ ዱካ ስበው ተቀመጡ።

«አፍንጫህ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?» አሉት።

«ያውቁ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር። ባለፈው ወር ስለ ቁጥር አራት ያነበብከው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ስለ ሌላ ራም ያልከው ቃል በቃል ነው። ‹አሮጌ ኮርቻ፣ ደረቅ ቴምር፣ የዝናብ ዋዜማ።› ቆንጆ አባባል ስለነበር ያኔ ጽፌ ይዤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተው እስክትናገር እየጠበቅኩ ነበር። ጥፋቴ ነው። እኔም አፍሬ፣ አንተም አፍረህ፣ በሁለታችን ይሉኝታ መሐል አንድ ሰው ሊሞት ነበር።» ትከሻውን ቸብ አደረጉት። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ። አልሄድም ብትል እኔው በጆሮህ ጎትቼ እወስድሃለሁ።»

ሰኞ ሄደ፤ ከሚስቱ ጋር። በሁለቱ ወራት ውስጥ በሆዱ ይዞት የከረመው ፍርሃት ሌላ ነበር፦ ጭንቅላቴ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ ብሎ ነበር የሚያስበው። ሐኪሟ በቀጭን መብራት አፍንጫውን አየች፣ የጭንቅላቱን ፎቶ አስነሳችው፣ ፎቶውን አገላብጣ ተመለከተች። «የበቀለ ነገር የለም» አለችው። «ጉንፋኑ የማሽተቻውን ነርቭ ጎድቶታል። ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ይመለስለታል፤ ለአንዳንዱ ዓመትም ይፈጃል፣ ለጥቂቱም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጠዋት ማታ አራት የተለያየ ሽታ ያላቸው ነገሮች እያነሳህ አሽት፤ ነርቩ ይለማመድ።» እሱ የሰማው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሌላውን ሚስቱ መንገዱን ሙሉ እየደገመችለት ቤት ገቡ። ያን ሌሊት ጎረቤት እስኪሰማ አንኮራፋ።

በነጋታው የሥራ ቤቱን አልኮል በሙሉ በትልልቅ ጣሳ አድርጎ ሰማያዊ ቀለም ቀላቀለበት። ብልቃጥ የተባለ ሁሉ ከጠረጴዛው ተነሣ።

በቀጣዩ እሑድ መምህርቷ ቤት አራት ሆነው ተቀመጡ። ሚስቱ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ስትገኝ የመጀመሪያዋ ነው። አናጢው ለሹፌሩ ሁሉንም ራሱ ነገረው፤ ከድሮ ደብተሩ ቃርሞ የጻፈውን ማስታወሻም ሳያስቀር። ሹፌሩ ትንሽ ሲያኮርፍ ቆየና «እና እኔ ወር ሙሉ ‹አፍንጫ ብሏል› ብዬ የዝናብ ዋዜማ ስፈልግ የከረምኩት!» ብሎ በሳቅ ፈነዳ።

«ምላሴ ግን አለ» አለ አናጢው። «ጣፋጩ፣ መራራው፣ ማቃጠሉ፣ ውፍረቱ ይታወቀኛል። ሽታውን ከእናንተ እሰማለሁ።»

መምህርቷ አናጢው ከቤቱ ካመጣው ብልቃጥ ቁጥር ሰባትን ቀዱ። ብርጭቆውን መጀመሪያ ለሚስቱ አቀበሏት። እሷም አፍንጫዋን ከትታ ብዙ ቆየች።

«ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«እርጥብ ካልሲ ይሸታል።»

ሹፌሩ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። መምህርቷ ግን ብርጭቆውን ተቀብለው አሸተቱ፣ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ፣ እንደገና አሸተቱ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ከሙዙ ሥር አለ። ሦስት ዓመት ስንጠጣው ማናችንም አላልነውም።» ደብተራቸውን ገልጠው ጻፉት።

ሚስቱ በኩራት ወደ ባሏ ዞረች። አናጢው ብርጭቆውን ይዞ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሏል። ምን ልበል ብሎ የሚጨነቅበት ወረቀት ጉልበቱ ላይ የለም። ጎንጨት አለ፤ ምላሱ ላይ ጣፈጠው፣ ጉሮሮውን አሞቀው። «ሌላስ ምን አለበት?» አላት።