ስድስት ቁጥር ግድግዳ

ባሌ እጁ አያርፍም። ሰው ቤት ሄደን ገና ሳይቀመጥ፣ የተንጋደደ ፎቶ ካየ ተነስቶ ያቃናል። ሠራተኞች «ቱምቢ» የሚሉትም ለዚህ ነው፤ ግንበኛ የግድግዳ ቀጥ ማለት በሚለካበት፣ ክር ላይ በተንጠለጠለው ብረት ስም። ስሙን ይወደዋል። እኔን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጨጓራዬን የላጠኝም ይኸው የማቃናት አመሉ ነው።

ሥራችን ሴራሚክ ነው። እሱ ይለጥፋል። እኔ ማጣበቂያውን ኮላ አቦካለሁ፣ ሴራሚክ እቆርጣለሁ፣ በመጨረሻም በሴራሚኮቹ መሃል የቀረውን ክፍተት በፉጋ እሞላለሁ። መለጠፍም እችላለሁ። እሱ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላ ቤት ሲሮጥ እኔ የለጠፍኳቸው ግድግዳዎች በየሰው መታጠቢያ ቤት ዛሬም ቆመዋል፤ የሚመሰገነው ግን እሱ ነው። እኔ «የቱምቢ ሚስት» ነኝ። ግራኝ ስለሆንኩ ደግሞ ሠራተኞቹ «መስታወት ውስጥ ያለች ነው የምትመስለው» እያሉ ይሳለቁብኛል።

አንድ ቀን አንዲት የክሊኒክ ኃላፊ ብቻዬን የለጠፍኩትን ወጥ ቤት አይታ ጠራችኝ። የአዲሱን ክሊኒካቸውን መታጠቢያ ቤቶች፣ አራቱንም፣ ለአንቺ እሰጥሻለሁ አለችኝ። ለቱምቢ አላለችም፤ ለአንቺ ነው ያለችው። «ብቻ የብቃት ወረቀት ይዘሽ ነይ። ያለዚያ አለቆቼ አይፈርሙልኝም። ሁለት ወር እጠብቅሻለሁ።»

ወረቀቱን የሚያሰጠው የሴራሚክ ሥልጠና ስድስት ሳምንት ነበር። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። ለባሌ ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ እሱም ሄዶ ተመዘገበ። «ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ማሠልጠኛው አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። ወለሉ ላይ ከደረት የማይበልጡ የብሎኬት ግድግዳዎች በቁጥር ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ አንድ። አሠልጣኛችን ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ቀጭን ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም አንድ አንድ ሴራሚክ እንድንለጥፍ አዘዘችንና በሹል ብረት እየፈለቀቀች ጀርባቸውን ታሳየን ጀመር። የባሌ ሴራሚክ ጀርባ ላይ አምስት ጉብ ጉብ ያለ ኮላ ብቻ ነበር፤ አራቱ ጥግ ላይ፣ አንዱ መሃል። የቀረው ባዶ ነው።

«እዚህ ባዶው ላይ የሆነ ነገር ቢመታው ይሰነጠቃል» አለችው።

«እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። የወደቀብኝ የለም።»

«ሠርተህ ከወጣህ በኋላ ተመልሰህ አይተህ ታውቃለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። የሳቄን ዋጋ ማታ ቤት ከፈልኩት፤ እራቱን ሳይነካ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

አሠልጣኟ ያስተማረችን እንዲህ ነው፦ ኮላውን ግድግዳው ላይ ሙሉ በሙሉ ትቀቢያለሽ፣ ጥርስ ባለው ብረት በአንድ አቅጣጫ ትፍቂዋለሽ፣ የሴራሚኩንም ጀርባ ስስ አድርገሽ ትቀቢያለሽ፣ ከዚያ መጫን ነው። ለእኔ ብለው ያወጡት ሥራ ይመስላል። በሁለተኛው ሳምንት የምለጥፈው ሴራሚክ ሲፈለቀቅ ጀርባው ከዳር እስከ ዳር ኮላ የያዘ ነበር። አሠልጣኟ የፋቅኩትን መስመር አይታ፣ «የአንቺን ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ። የሁሉም ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ያንቺ ብቻ ወደ ግራ» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ በግራ እጄ መሥራቴን ሳይሳለቅ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ባሌ ግን መቀመጫ አጣ። የራሱን ትቶ እኔ ጋ ይመጣል። «እስቲ አምጪው» ብሎ ብረቱን ከእጄ ይቀበላል፤ ይቀበላል ስል በጨዋ ደንብ ለመናገር ነው፣ የሚነጥቀኝ ነው። የለጠፍኩትን በጎማ መዶሻ ኳ ኳ ያደርጋል። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» ይላል። ለወረቀቱ ለምንፈተነው ፈተና ሁለት ቀን ሲቀር ቤት ውስጥ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«በፈተናው ቀን ግድግዳዬን እንዳትነካ።»

«ምን በወጣኝ።»

«እንዳትነካ ነው ያልኩህ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ ሴትዮ።»

በፈተናው ቀን ለእኔ ስድስት ቁጥር፣ ለእሱ ሰባት ቁጥር ደረሰን። አሠልጣኟ ደንቡን አነበበች፤ የሌላ ሰው እጅ የገባበት ግድግዳ አይታረምም። ጀመርን። አምስት ረድፍ ለጠፍኩ፤ እጄ እንደዚያን ቀን ታዞልኝ አያውቅም። የዳር ዳሩ መቆረጥ ነበረበት። መቁረጫው ማሽን ግን ግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ቆርጬ ስመለስ ባሌ የራሱ ግድግዳ ላይ ጎንበስ ብሎ ያፏጫል። ባሌ የሚያፏጨው የሆነ ነገር ሲደብቀኝ ነው። ሰዓቱ እየሄደብኝ ስለነበር ዳር ዳሩን ለጥፌ ጨረስኩ።

ከሰዓት በኋላ አሠልጣኟ መጣች። ረጅሙን ውሃ ልክ ግድግዳዬ ላይ አጋደመችው። ከላይ ጀምራ ስታወርደው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆመች። አንዷ ሴራሚክ ከጓደኞቿ የጥፍር ያህል ወጣ ብላለች። እኔ እንደዚያ አድርጌ አልተውኩም። ሹሉን ብረት አስገብታ ፈለቀቀቻት። የኮላው መስመር ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ቀጥላ አጠገቧ ያለችውን ፈለቀቀች፤ ወደ ግራ። ሌላ አንድ፤ ወደ ግራ።

«ይቺን የለጠፈው ማነው?» አለች።

ጠይቃ ሳትጨርስ ገብቶኝ ነበር። ባሌ እጁን በሱሪው እየጠረገ ቀረበ።

«እኔ ነኝ። ትንሽ ወጣ ብሎባት ነበር፤ አቃናሁላት።» እንዲህ ሲል ድምፁ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር።

«ከዚህ ግድግዳ የወጣው ያንተው ብቻ ነው» አለችው።

እሷን ተከትዬ ለመንኳት። ሌላው በሙሉ የኔ እጅ እንደሆነ ዓይንሽ አይቷል፣ ያቺን አንዷን ትተሽ አርሚልኝ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «የተሻለ ግድግዳ ዛሬ አላየሁም። ግን ደንቡን ጠዋት ለሃያ ሰው ነው ያነበብኩት። ከአራት ወር በኋላ ሌላ ዙር አለ።»

ክሊኒኩ ከሁለት ሳምንት በላይ አይጠብቀኝም። ሰባት ቁጥር ማንም ስላልነካው አለፈ። ባሌ ወረቀቱን ተቀበለ።

ወደ ቤት ስንሄድ የዕቃውን ቦርሳ እሱ ተሸክሟል። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ወረቀቱ እኮ የሁለታችንም ነው» አለኝ። «ክሊኒኩን በእኔ ስም እንወስደዋለን፣ አንቺ ትለጥፊያለሽ። ምን ለውጥ አለው?»

መንገድ ላይ ቆምኩ።

«ጠማማ ነበር?»

«ምኑ?»

«ሴራሚኩ። ከመንካትህ በፊት ጠማማ ነበር ወይ?»

ቦርሳውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። የሚዋሽ መስሎኝ ነበር፤ ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር።

«አልነበረም» አለ።

«ታዲያ?»

«ከላይ እስከ ታች አየሁት። የማቃናው አጣሁ። ደግሜ አየሁት፣ አጣሁ።» መሬት መሬት ያያል። «ከዚያ አንዷን አነሳኋት።»

አልጮህኩም። ስልኬን አውጥቼ እዚያው እሱ ፊት ለክሊኒኩ ኃላፊ ደወልኩላት። ወረቀቱን እንዳላገኘሁ፣ ባሌ ግን እንዳገኘ ነገርኳት። «እሱ ይሠራልናል?» አለችኝ። ባሌ ድምፅዋ ይሰማዋል። ቀና ብሎ ፊቴን ያያል።

«ይሠራል» አልኳት። «እኔ ግን አብሬው የለሁም።»

ስልኩን ስዘጋ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦታል። «ማን ሊያቦካልኝ ነው?» አለኝ። እኔም አላውቅም አልኩትና ሄድኩ።