ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ

«ጌታ ያጽናሽ፣ የኔ እህት» አለች ጵርስቅላ፣ ሐዳሳን አንገቷን አቅፋ። ደጋግማ ሳመቻት። ከዚያ አፏን ከጆሮዋ ሳታርቅ ድምጿን ዝቅ አደረገችና፣ «ክፍል ሁለቱ ግን መቼ ነው የሚወጣው?» አለቻት።

ሐዳሳ መጀመሪያ አልገባትም። የተቀመጡት የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። አክስቷ እትዬ ካሳነሽ ከተቀበረች ገና ማግስቱ ነው።

«ክፍል ሁለት የለውም» አለች በመጨረሻ።

«እንዴ! ተጋቡና አለቀ? ልጅ እንኳ ሳይወልዱ?»

ጵርስቅላ ክፉ ሰው አይደለችም። መዘምራን ውስጥ ከፊት የምትቆም፣ ለቅሶ ቤት ቆጮዋን ተሸክማ ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ሴት ናት። ግን መጽሐፍ የወደደ ሰው ምን ይደረጋል? ሰዎች ዞር ብለው ሲያይዋት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ሴቶቹ አግዳሚ ሄደች።

እንግዲህ ከአራት ወር ወዲህ የሐዳሳ ኑሮ ይኸው ነው። «የቅዳሜ በሽተኛ» ያለችውን የመጀመሪያ የፍቅር ልብ ወለዷን በራሷ ወጪ አሳትማ፣ አሳታሚ የለ አከፋፋይ የለ፣ ካርቶኑን ባጃጅ ላይ ጭና ሆሳዕናን ዞረችው። ካፌ አስቀመጠች፤ ፀጉር ቤት አስቀመጠች፤ አንድ ፋርማሲ እንኳ ከሳል ሽሮፑ አጠገብ ደረደረላት። አዲስ አበባ ያሉት መጽሐፍ ሻጮች ስልኳን አላነሱም። የሆሳዕና ልጃገረዶች ግን መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት፤ መንገድ ላይም «ደራሲዋ! ደራሲዋ!» ይሏት ጀመር። ደስ አላላትም ብንል ውሸት ነው። ደስ ብሏት ነበር፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱራሜ ነበረች። አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ለገዛው ሁሉ ትፈርማለች። ስልኳ ጮኸ። «እትዬ» ይላል። አየችውና ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ሁለተኛ ጮኸ። ሦስተኛ ጮኸ።

«አታነሺውም እንዴ?» አላት መጽሐፉን ይዞ የሚጠብቀው ሰው።

«የማላውቀው ቁጥር ነው» አለችና ፈረመችለት።

እሁድ ጠዋት እትዬ ካሳነሽ ለቤተ ክርስቲያን እየለበሰች ሳለ ወደቀች። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አለፈች። ደም ግፊት ነው አሉ። ሐዳሳ ግን ማን እንደገደላት የምታውቅ መሰላት።

እትዬ ካሳነሽ ማን ናት ቢባል፣ የከተማው ግማሽ ሰው «እናቴን ያዋለደቻት ናት» ይላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ነርስ ነበረች፤ ያገሩ ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። የሐዳሳ እናት ስትሞት፣ የወንድሟን የማቴዎስን ልጅ በሦስት ዓመቷ ወስዳ አሳደገች። ማቆላመጥ የሚባል አታውቅም። ስትጸልይ በአማርኛ፣ ስትቆጣ በሀዲይኛ ነው። ሐዳሳ ያጠፋች ቀን ሄዳ የእትዬ አልጋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ አንገቷን ደፍታ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ስድቡ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ማቋረጥ የለም፤ ማልቀስም የለም። ሲያልቅ እትዬ «በይ ነይ ብዪ» ትላታለች፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

የዛሬ ሁለት ዓመት የእትዬን ዓይን ሞራ ጋረደው። ከዚያ ወዲህ ሐዳሳ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች መጽሐፍ ቅዱስም ይሁን ጋዜጣ ታነብላት ነበር። «ጮክ በይ እንጂ! ለትንኝ ነው የምታነቢው?» ትላታለች እትዬ።

ነገሩ የተጀመረው ከሐዋሳ፣ ከዓይን ሐኪም ሲመለሱ ነው። ሚኒባሱ አዲሎ ላይ ሰው ሊያወርድ ሲቆም እትዬ በመስኮቱ ወደማታየው ከተማ ዞር አለችና፣ «እዚህ አገር አንድ ሰው ነበረ» አለች።

ወልደኪዳን ይባላል፤ ትውልዱ አዲሎ ነው። ሆመቾ ከተማ አስተማሪ ነበር፤ እሷ ጃጁራ ጤና ጣቢያ ነበረች። ትምህርት ስለሌለ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ራሱን ያመዋል። «በስድስት ወር ውስጥ የጣቢያውን አስፕሪን ጨረሰው» አለች እትዬ፣ እየሳቀች። «አንድ ቀን ግንባሩን ስዳስስ እጄን ያዘኝ። ትኩሳት የለህም አልኩት። አውቃለሁ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አባቴ ሰማ። ካቶሊክ ነው አለ፤ አለቀ። እሱም ሌላ አገባ፣ ወለደ። ከሞተም ሰባት ዓመቱ ነው።» ሚኒባሱ ተነሳ። «ይህን ለሰው አውርቼው አላውቅም።»

«እኔም አላወራም፣ እትዬ።»

አላወራችም። ጻፈችው።

የሰዎቹን ስም ቀየረች፣ ከተማውን ቀየረች። የቅዳሜውን ራስ ምታት ግን መቀየር አልቻለችም፤ ከሱ የተሻለ ነገር ከየት ታምጣ? መጨረሻውን ደግሞ አንባቢ እንደሚወደው አድርጋ ዳረቻቸው። ይህን ሁሉ ለመድፈር ልብ የሰጣት አንድ ነገር ነው፤ የእትዬ ዓይን። መጽሐፉ ቢወጣም አታየውም። ይህን ለራሷ እንኳ አፍ አውጥታ ብላው አታውቅም፤ ግን አስባዋለች፣ አስልታዋለች። «ስለ ምንድን ነው መጽሐፍሽ?» ብላ ስትጠይቃት፣ «ስለ ከተማ ልጆች ነው እትዬ፣ አንቺን አይጥምሽም» አለቻት። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ማየት ከበዳት። የማያየውን ዓይን ማየት! ሥራ በዛብኝ እያለች ንባቡንም ተወችው።

ማክሰኞ ከሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ሻይ ሲዞር፣ ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት የጃጁራ አሮጊቶች ሲንሾካሾኩ ሰማች።

«ያቺ የመጽሐፉ ነርስ እኮ ሲስተር ናት ይላሉ።»

«ተይ እንጂ!»

«ምን እተዋለሁ? የልጅ ልጄ ስታነብልኝ ሰማሁ። ያ ራሴን አመመኝ ባይ አስተማሪ፣ እኔው በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ።»

ሐዳሳ የሻይ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። እነዚህ ከሰሙ እትዬ አልሰማችም? ሰምታለች። በስተርጅና፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው ፊት መሳቂያ አደረግሽኝ ልትላት ነው የደወለችው። ሦስት ጊዜ። ያንን ሁሉ ንዴት የሚቀበላት ሰው አጥታ ይዛው አደረች፣ ጠዋት ወደቀች።

ይህም አልበቃ ብሎ የሕይወት ታሪኩ አለ። ሰኞ ለቀብር ሲዘጋጁ አባቷ አቶ ማቴዎስ ወረቀት አመጣላትና፣ «የሚጽፍ ሰው አንቺ ነሽ» አላት። ከዚህ በቀር ስለ መጽሐፏ በአራት ወር ውስጥ አንድ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ጻፈችው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ አነበበው፦ «ትዳር ሳያምራት፣ ዓለም ሳይስባት፣ ዕድሜዋን ሁሉ ለሕሙማን ሰጠች።» ሰው ሁሉ አለቀሰ። ከጃጁራዎቹ አሮጊቶች አንዷ ግን ሆን ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሐዳሳ የሠራችው አሁን ታያት። በልብ ወለዱ እውነቱን በሐሰት ስም ጽፋው ነበር፤ በሕይወት ታሪኩ ደግሞ ሐሰቱን በእትዬ በገዛ ስሟ።

ረቡዕ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሀሚዳ መጣች።

ሀሚዳ የእትዬ የአጥር ጎረቤት፣ ባለ ሱቋ ናት። ቅዳሜ ማምሻውን ልጇ ወለደች ተብላ ወራቤ ሄዳ፣ የሰማችው ትናንት ነው። ገና ከበሩ «ሲስተር! ሲስተርዬ! ሳልሰናበትሽ!» ብላ ስትጮህ ድንኳኑ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። አልቅሳ ስትጨርስ ግን አልተቀመጠችም። የሐዳሳን ክንድ ያዘችና ወደ እትዬ መኝታ ቤት አስገባቻት። አልጋው እንደተነጠፈ ነው።

«ቅዳሜ አገኘችሽ?» አለች ሀሚዳ።

«ማን?»

«ሲስተር ናታ! ስልኩን የደወልኩላት እኮ እኔ ነኝ።»

«አላነሳሁትም።»

«ሥራ ይዟት ነው ብያታለሁ እኮ።»

«ሥራ አልያዘኝም፣ እትዬ ሀሚዳ። እያየሁት ነው ያላነሳሁት። ፈርቻት ነው።» ይህን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «መጽሐፉን ሰምታ ነበር፣ አይደል? ሰዎች ነገሯት።»

«ምን ሰዎች? እኔ አነበብኩላት እንጂ!»

ሀሚዳ ከፌስታሏ ውስጥ አንድ «የቅዳሜ በሽተኛ» አወጣች። ሐዳሳ ያኔ ትዝ አላት። መጽሐፉ እንደወጣ በየሱቁ ስታድል፣ ሀሚዳም ጋ ከሳሙናውና ከባትሪ ድንጋዩ መሃል አምስት አስቀምጣ ሄዳ ነበር። ለማያይ ሰው ማን ይጠነቀቃል? እትዬ ግን ከሰዓት ከሰዓት የሚያነብላት ስታጣ፣ ሱቁ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀምራ ኖሯል።

«የልጅሽን መጽሐፍ ላንብብልሽ አልኳት፤ አንብቢ አለችኝ» አለች ሀሚዳ። «ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያ አስተማሪ ራሱን አሞት ሲመጣ፣ አቁሚ አለችኝ። እኔ ምን አውቄ! ምርር ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ቀጥይ አለች።»

«ተቆጣች?»

«ተቆጣች ወይ ትይኛለሽ! ሰርቃኛለች አለች። አምኛት ነግሬያት ዘረፈችኝ አለች። እኔ እንግዲህ ልተወው ስላት ደግሞ እምቢ! በየቀኑ አንድ አንድ ምዕራፍ፣ አንዳንዱን ሁለቴ አስደገመችኝ። አንዳንዴም፣ እንዲህ አላለኝም፣ አሳምራዋለች ትልና ትስቃለች።» ሀሚዳ መጽሐፉን ገለጠች፤ አንድ ገጽ ጫፉ ታጥፏል። «አሥራ ስምንተኛውን ምዕራፍ ስንጨርስ ዝጊው አለችኝ። ቅዳሜ ነው። የመጨረሻውን ራሷ መጥታ ታንብብልኝ አለች። ሰውየው እንደሞተ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ምን እንዳደረገችው ከራሷ አፍ ልስማ አለች። ለዚህ ነው የደወልንልሽ።»

ሐዳሳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ሌላስ? ሌላ አላለችም?»

«ብላለች። አንብባ ስትጨርስ እሰድባታለሁ አለች። በሀዲይኛ ነው፣ አማርኛው አይበቃትም አለች።»

ሐዳሳ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ለወራት ስትሸሸው የቆየችው ስድብ፣ አሁን ቢሰጧት አንድ መጽሐፍ ሳይሆን ካርቶኑን ሙሉ የምትለውጥበት ስድብ ሆነባት። ዱራሜ እኮ ሩቅ አይደለም። ያኔውኑ ብትነሳ ቡና ሳይፈላ ትደርስ ነበር ማለት ባይቻል፣ ሳይመሽ ትደርስ ነበር።

«አንቺስ አንብበሽዋል? የመጨረሻውን?»

«እኔ? አብረን ጀምረን ብቻዬን ልጨርስ?» አለች ሀሚዳ፣ የተሰደበች ያህል።

በሩ ተንኳኳ። አቶ ማቴዎስ ነው፤ የሕይወት ታሪኩን ወረቀት ይዟል። «ሐዳሳ፣ የሆመቾ ሰዎች መጥተዋል። ቀብር አልደረሱም። የእህቴን ታሪክ ነይና አንብቢላቸው።»

«መጣሁ፣ አባ። መጀመሪያ ግን የማነበው ሌላ ነገር አለ። ዕዳ ነው።»

አባቷ መጽሐፉን አየ። አልጋውን አየ። አልወጣም።

ሐዳሳ የታጠፈውን ጫፍ አቃናችና ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ለትንኝ አነበበች። ጮክ በይ የሚላት ስለሌለ ራሷ ጮክ አለች። በምዕራፉ ሰውየው ጤና ጣቢያው በር ላይ ይቆማል። ነርሷ «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» ትለዋለች። «አውቃለሁ» ይላታል፤ «ዛሬ ምንም አላመመኝም።»

ውጭ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። አቶ ማቴዎስ በርጩማዋን ስቦ ተቀመጠ። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው፣ እንደገናም አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። «አባታችን ልክ አልነበረም» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ሐዳሳ አላቆመችም። የሽማግሌዎቹን መላክ አነበበች፤ ሠርጉን አነበበች፤ ሙሽራው ከሠርጉ ማግስት ራሴን አመመኝ ሲል፣ ሙሽሪት አስፕሪን አልቋል ስትለው አነበበች። ሀሚዳ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

መጨረሻው መስመር ላይ ደረሰች። መጽሐፉን ዘጋችና ትራሱ አጠገብ አስቀመጠችው።

ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች።