የሰበታዋ ዕጩ እምቢ ስትል

በሰበታ ለዕድር ሊቀመንበርነት የታጨ ሰው መጀመሪያ እምቢ ይላል። «ከእኔ የሚሻል ሞልቷል» ይላል፤ ሕዝቡ ይለምነዋል፤ ደግሞ እምቢ ይላል፤ ደግሞ ይለምኑታል። ቶሎ እሺ ያለ ሥልጣን ወዳድ ይባላል። ጂቱም ዕድሩን የመራችው፣ ከዚያ ለከተማው ምክር ቤት፣ ኋላም ለፓርላማ የበቃችው እንዲሁ እየተለመነች ነው።

ስለዚህ የስድስት ጎረቤት አገሮች የጋራ ምክር ቤት ሱሉልታ ተሰብስቦ አፈ ጉባኤ ሲመርጥ፣ የጅቡቲዋ እንደራሴ ጁማና የጂቱን ስም ለዕጩነት ብትጠራ ጂቱ ተነሥታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ከእኔ የሚሻል ሞልቷል፤ ሌላ ይመረጥ።»

ልመናውን ልትጠብቅ ቁጭ አለች። ሰብሳቢው ግን «ፈቃድዎ ይከበራል» ብለው ስሟን ከሰሌዳው አጠፉት። አዳራሹ አጨበጨበ። ሌላው ዕጩ፣ የሱዳኑ ዛኪር፣ ብቻውን ቀረ፤ ድምፅ ከምሳ በኋላ ይሰጣል ተባለ።

ድሬዳዋ ያደገችው ጁማና በር ላይ ያዘቻት። «አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ? ስንቱን አገር ለምኜ ከጎንሽ አሰልፌልሽ!»

«ትንሽ ትለምኑኛላችሁ ብዬ እኮ ነው።»

«ሙሽራ ነሽ እንዴ የምትለመኚው? ትፈልጊዋለሽ አትፈልጊውም?»

ጂቱ ከጁማና ራቅ ብላ ስልኳን አወጣች። ከብት ነጋዴው በየድንበሩ ኬላ የሚጉላላበትን ነገር ለማቃናት ያንን ወንበር ስትመኝ ከርማለች። «እፈልጋለሁ» የሚለው ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሰበታ ላሉት አጎቷ ለኦቦ ባይሳ ደወለች።

«አካም ጂርታ፣ ደህና ነሽ ልጄ?»

«ኦቦ፣ እምቢ ብል ስሜን አጠፉት!»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኛ የምንለምንሽ እንደምትፈልጊው ስለምናውቅ ነው። እነሱ ሆድሽን በምን ይወቁት?»

«አፌን ሞልቼ ስናገር ምን ይሉኛል?»

«ያሻቸውን ይበሉሻ! ዝም ካልሽማ ምንም አይሉሽም።»

ከምሳ በኋላ እጇን አወጣች። ፊቷ ጋለ።

«የጠዋቱ ያገሬ ትሕትና ነው እንጂ ሐሳቤ አልነበረም። ወንበሩን እፈልገዋለሁ፤ እችለዋለሁም።»

አስተርጓሚዎቹ ሲጨርሱ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሰብሳቢው ግራ ገብቷቸው ሲያመነቱ ዛኪር ተነሣ።

«ትመለስ። ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ ከምባል ብሸነፍ ይሻለኛል።»

ተሸነፈም፤ በጥቂት ድምፅ። ቀድሞ የጨበጣትም እሱ ነበር። ጂቱ ወደ መድረኩ ወጣች። ሰብሳቢው «እባክዎ» እስኪሏት አልጠበቀችም፤ ወንበሩን ስባ ደልደል ብላ ተቀመጠችና ማይኩን ወደ ራሷ አዞረችው።