ምስክሩ ጠርሙስ

መጀመሪያ ያየችው ጉንዳኖቹን ነው። ከበሩ ሥር ገብተው፣ ግድግዳውን ተከትለው፣ እንደተጠራ እንግዳ ተሰልፈው ወደ ትልቁ በርሜል እግር ይሄዱ ነበር።

በዚህ የሙከራ ክፍል ውስጥ ጉንዳን አይታ አታውቅም። ምን ፍለጋ ይመጣል? እዚህ በርሜል ውስጥ ያለው የስንዴ ገለባ ጭማቂ ነው። ገለባው በአሲድና በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ በኢንዛይም ተፈጭቶ፣ ከዚያ እርሾ ይጨመርበታል፤ እርሾው አብላልቶ ለሞተር ነዳጅ የሚሆን ኤታኖል ያወጣል። ጭማቂው ስኳርስ አለው፤ ግን ምሬቱ አፍ አያስጠጋም። እርሾው ራሱ ወዶ አይደለም የሚበላው።

ሠራተኞቹ «ወይዘሮ ይለካ» ይሏታል፤ ያልተለካ ነገር አታምንም። ቦርሳዋን አስቀምጣ ተንበረከከች። ጉንዳኖቹ የከበቡትን ነጭ ፍሬ በጣቷ ጫፍ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው። ስኳር። የሱቅ ስኳር።

ቀና ስትል ከበርሜሉ ክዳን የወረደው ቀጭን ጎማ ጫፉ በተነከረበት የባልዲ ውኃ ውስጥ ያለ እረፍት አረፋ ያወጣል። እርሾ የገለባ ጭማቂ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ያኮርፋል። ቅቅሉ ያመጣውን መርዝ ቀስ በቀስ እስኪያበርድ ድረስ ዝም ነው። ትናንት የገባ እርሾ ዛሬ ጠዋት ሊጨፍር አይችልም።

መደርደሪያው ላይ ያለውን ትንሽ ጠርሙስ አየች። ትናንት ከዚያው ጭማቂ፣ ከዚያው እርሾ የተቀዳ ነው። ጸጥ ብሏል። ይህን ልማድ ያስያዟት፣ አሁን የድርጅቱ ኃላፊ የሆኑት የቀድሞ መምህሯ ናቸው። «ልጄ፣ ከእያንዳንዱ ቅልቅል ጥቂት ለብቻው አስቀምጪ። እኛ ብንሳሳት እሱ ይመሰክራል» ይሏት ነበር።

መምህሩ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰው ገቡ።

«ጋሼ፣ ስኳር ማን ጨመረበት?»

«መጀመሪያ እንደምን አደሩ ይባላል።»

«እንደምን አደሩ። ስኳር ማን ጨመረበት?»

ሳቁ። «እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ? እኔም ትንሽ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት።»

«ዛሬ የሚፈርሙት እኮ ገበሬዎች ናቸው! የመጪውን መኸር ገለባ በሙሉ ሊሰጡን። ከብቶቻቸው ምን ይብሉ?»

«የሚተከለው ፋብሪካ ከሚከፍላቸው መኖ ይገዛሉ።»

«የቱ ፋብሪካ? በዚህ አረፋ ተማምነን ብንተክል በወሩ ይቆማል። ገለባቸው ግቢያችን ውስጥ በስብሶ ይቀራል፤ ከብቱ በረሃብ ያልቃል። የወንድሜም ከብት ጭምር።»

«ከርሞ እናስተካክለዋለን። ፊርማው ይቅደም።» ክራቫታቸውን አስተካከሉ። «ይልቅ ያንን ጠርሙስ ከዚያ አንሽልኝ። ዓይን ይስባል።»

ከስኳሩ ይልቅ ይህ አቃጠላት። ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ ትስቅ ነበር። ጠርሙሱን አነሣችው። ወደ ማጠቢያው ግን አልወሰደችውም፤ ነጭ ጋዋንዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ገበሬዎቹ ረፋድ ላይ ደረሱ። ከፊት የሚመራቸው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ጫማውን ደጋግሞ ጠርጎ ገባ። መምህሩ በርሜሉን መታ መታ እያደረጉ «ይኸው! ከገለባችሁ በቀር ምንም የለበትም» አሉ።

ወንድሟ ጆሮውን በርሜሉ ላይ ለጠፈ። «ወይ ጉድ! የኔ በሬ እንኳ ሲያመሰኳ እንዲህ አይጮኽም።»

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሳይበርድ ጠርሙሱን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄንንም እይልኝ።»

«ይሄ ምን ሆኖ ተኛ?»

«ሁለቱ የአንድ ድስት ልጆች ናቸው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጭማቂና ከአንድ እርሾ ተሞሉ።»

«ታዲያ ትልቁ ምን በልቶ ነው የሚጨፍረው?»

በጣቷ ወለሉን አሳየችው። ወንድሟ የጉንዳኖቹን ሰልፍ በዓይኑ ተከተለ፤ ጎንበስ ብሎ አንድ ነጭ ፍሬ አነሣ፤ ምላሱ ላይ አደረገው። ፊቱ ተለወጠ።

«መምህር፣ ይሄ ከማን ማሳ ታጨደ?»

«ይሄ ለማስጀመሪያ ያህል የታወቀ አሠራር ነው፤ እህትህ በትንሹ በትልቁ መቆጣት ትወዳለች...»

«የታወቀ ከሆነ ለምን ምንም የለበትም አሉን?» አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት ገበሬ። «እኔ ያለኝ አንዲት ላም ናት። ምን ላበላት ነበር፣ አረፋ?»

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለካ ለእኛ ኖሯል» አለ ወንድሟ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺስ? እያወቅሽ እዚህ ድረስ ታስመጪናለሽ?»

«በአፌ ብነግርህ ‹ይለካ ደግሞ ጀመራት› ትለኝ ነበር። ዓይንህ ይይ ብዬ ነው።»

አንድም ሰው ሳይፈርም ወጡ። መምህሩ በሩን ዘጉ።

«በሰው ፊት! እኔ ያስተማርሁሽ በሰው ፊት! ቁልፉን አስቀምጪና ውጪ።»

«ምስክር ስናስቀምጥ የኖርነው በማን ፊት ሊናገር ነበር ታዲያ?»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ጠርሙሱን ይዛ ወጣች።

ጠርሙሱ ወንድሟ ቤት፣ ጓዳ መስኮት ላይ አደረ። በማግስቱ እህል ልትሰፍር ስትገባ አንዲት አረፋ ከሥር ተነሥታ ወጣች። ቆይታ ሌላ ተከተለች። ወንድሟን ጠራችው።

«ስኳር ጨመርሽበት እንዴ?»

ገላመጠችው። ጥርሱን ሲያሳያት እሷም ሳታስበው ፈገግ አለች።

«ጥቂት ናት» አለ፣ ጎንበስ ብሎ።

«ጥቂት ናት። ገና ከአንድ ክምር ገለባ የሚወጣው ነዳጅ አንድ ጀሪካን አይሞላም። ግን የገለባው ናት።»

«እንግዲያ ዘንድሮ ገለባውን በሬዎቹ ይብሉት። ሲበዛ ንገሪኝ፤ ራሱ ሲበዛ ግን።» መንሹን አንሥቶ ወደ በረቱ ወጣ።

እሷ ቀረች። አረፋዎቹ አሁን ተከታትለው ይወጡ ጀመር። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰባት። መስኮቱን በመዳፏ መታችው።

«አንድ ቀን!» አለች ለብቻዋ። «አንድ ቀን ብቻ መታገሥ ያቅትዎ፣ ጋሼ?»