ቅሌው መረብ ውስጥ ገባ

ሲምቦ ሙሊሳ ሰው ፊት ስትናገር ድምፅዋ አይሰማም ነበር። በምትሠራበት ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ ታካሚዎች «ምን አልሽ?» እያሉ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፤ ሠርግ ቤት ስትሄድ ጥግ ፈልጋ ነው የምትቀመጠው። ማይክሮፎን ፊት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ይህን ራሷም ያወቀችው ጋሽ ቸሩ ሳይወዱ በግድ ወንበሩን በለቀቁላት ጊዜ ነው።

ጋሽ ቸሩ አዲስ አበባ ሳሉ በዜና አንባቢነት ያረጁ ሰው ናቸው። አሁን በሚኒሶታ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባል ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ካለች ጠባብ ስቱዲዮ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት ያስተላልፋሉ። ሲምቦ ዩኒቨርሲቲ እያለች ጀምሮ ድምፅ ትቆጣጠርላቸዋለች፣ ስልክ ታገናኝላቸዋለች። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ስፖርት አቅራቢያቸው ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ስቴት ሄደባቸው። ያን ጊዜ ነው ሲምቦ፣ ዓይኗን ከመቆጣጠሪያው ሳታነሳ፣ ስለ ሴንት ፖል የበረዶ ሆኪ ቡድን እኔ ላቅርብ ያለችው።

ጋሽ ቸሩ ሳቁ። ሐበሻና የበረዶ ሆኪ ምንና ምን ናቸው፣ ማንስ ይሰማሻል አሉ። ክፍቱን ሰዓት በሙዚቃ ከመሙላት ግን ይሻላል ብለው ተስማሙ።

«ቡድኑ እስካለ ድረስ አምስት ደቂቃ ያንቺ ነው» አሏት። «ቡድኑ ከውድድር የወጣ ዕለት ሰዓቱን ለቤት ሻጮቹ ማስታወቂያ እመልሰዋለሁ። ተግባባን?»

ተግባቡ። ጋሽ ቸሩ ቃል ውል ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ማስታወቂያ ሊያስነግር የመጣ ነጋዴ «ሁሉም ሰው የሚመርጠው» ብሎ ቢጽፍ፣ «ሁሉም? ጠይቀሃቸዋል?» ብለው ይሰርዙታል። ሲምቦም ቡድኑን ታምነው ስለነበር ውሉ አላስፈራትም። እስከ በጋው መባቻ እንደሚጫወቱ እርግጠኛ ነበረች።

የሆኪው ፍቅር ከአባቷ የመጣ ነው። ሙሊሳ ከወለጋ የመጣ፣ ኤደን ፕሬሪ ባለ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚጭን ሰው ነው። እዚህ አገር በገቡ በመጀመሪያው ብርድ፣ በዕረፍት ክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ የያዙ ሰዎች በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ አንዲት ትንሽ ነገር ሲያሳድዱ አየና ምሳውን ረስቶ ቆመ። አዲስ አበቤው ገና የሚለውን ጨዋታ እሱ ልጅ ሆኖ በመስክ ላይ ሲጫወት ነው ያደገው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ አያመልጠውም። ተጫዋች ወደ ጎሉ በተጠጋ ቁጥር ከሶፋው ብድግ ብሎ «ቅሌ! ቅሌ!» ይላል። ቤት ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ ሲምቦም ያቺን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃት ቅሌ ብላ ነው። ሌላ ስም ይኖራታል ብላ አስባም አታውቅ።

ስለዚህ በመጀመሪያው እሁድ፣ በጠራና በረጋ ድምፅ፣ «ቅሌው በበረኛው እግር መካከል ሾልኮ መረብ ውስጥ ገባ» አለች።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። የደወሉት ከኩን ራፒድስ ወይዘሮ ማሚት ነበሩ፤ ስቶር ውስጥ ካሸር ሆነው የሚሠሩ፣ ዝግጅቱ ከተጀመረ ጀምሮ ሳይደውሉ የቀሩበት እሁድ የሌለ ሴት።

«ልጄ፣ የማን ቅል ነው መረብ ውስጥ የገባው?» አሉ። «በረኛውስ ራሱ ደኅና ነው?»

ጋሽ ቸሩ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ። ሲምቦ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። ቅሌ ማለት የሚመታው ነገር ነው፣ ቅል ደግሞ ሌላ ነው፣ የበረኛው ራስም በሰላም ከአንገቱ ጋር ነው ብላ መለሰች። ወይዘሮ ማሚት እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከስርጭቱ በኋላ ጋሽ ቸሩ ቆጣ አሉ። ለሚመታው ነገር ጥንግ የሚባል ያማረ የአማርኛ ቃል እያለ፣ በእሳቸው ሰዓት ቅል ሲንከባለል መስማት እንደማይፈልጉ ነገሯት። ሲምቦ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸው። በሚቀጥለው እሁድ ቅሌ አለች፤ በሚቀጥለውም ቅሌ አለች። ጋሽ ቸሩ በመስታወቱ ማዶ አፋቸውን እያላወሱ «ጥንግ» ይሏታል፤ እሷ ታያቸዋለች፣ ራሷን ነቀነቅ ታደርጋለች፣ ቅሌ ትላለች። ግትርነት አይመስልም ነበር፤ ነገር ግን ግትርነት ነበር።

ቃሉ ሳይታሰብ እግር አወጣ። ኤርፖርት ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁ ታክሲ ነጂዎች ተራ ሲደርሳቸው «ቅሌው ገባ» ይባባሉ ጀመር። ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት አስታማሚ የሲምቦን ድምፅ ለይታ «የቅሌዋ ልጅ አይደለሽም?» አለቻት፤ ሲምቦ በሹክሹክታ ነኝ አለች። ወይዘሮ ማሚት ደግሞ፣ በአማርኛ የጠየቁትን ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚመልስላቸው ሚኒሶታ የተወለደው ልጃቸው፣ እሁድ ሲሆን «ቅሌ ክፈቺልኝ» እንደሚል ደውለው መሰከሩ። ከአፉ የወጣ ሙሉ አማርኛ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው መሆኑንም ጨመሩ። ያቺ ቃል አማርኛ እንዳልሆነች የነገራቸው የለም።

ቡድኑም አላሳፈራትም። በሜዳው የሚደፍረው ጠፋ። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር እንኳ አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። ጸደይ ሊገባ ሲል ዋናው ተከላካይ እግሩ ተሰበረ፤ ሰው ሁሉ አበቃላቸው ሲል ሲምቦ አላበቃም አለች። አላበቃምም፤ ለጥሎ ማለፉ በቁ።

የደረሳቸው ተጋጣሚ ከድንበሩ ማዶ የዊኒፔግ ቡድን ነው። አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ሲምቦ በሬዲዮ፣ ያለ ጥርጥር፣ እናልፋለን አለች። ዊኒፔግም ሐበሻ እንዳለ፣ ዝግጅቱንም በኢንተርኔት እንደሚሰማ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ፈነት የምትባል፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ሴት ደወለች። ቅሌ የምትለዋ ልጅ አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀችና፣ ቃሉ ደስ ቢላትም በሚቀጥለው እሁድ ቅሌውን ከመረባችሁ ስትለቅሙ እሰማሻለሁ አለች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ዊኒፔግ በሜዳው ወሰደ። ሦስተኛው ሴንት ፖል ላይ እሁድ ማታ ነበር። በዚያ እሁድ፣ በሚያዝያ፣ መኪና የሚቀብር በረዶ ጣለ። ሲምቦን ባቡሩ እየተንቀረፈፈ ስቱዲዮ አደረሳትና ዛሬ ማታ እንደምንበላቸው ቁርጡን ተናገረች። ስድስት ለሁለት በሉዋቸው። በማግስቱ ወይዘሮ ማሚት የእሁዱን ሰዓት መጠበቅ አቅቷቸው በስቱዲዮው መልእክት መቀበያ ላይ ሁለት ስንኝ ትተው ተገኙ፦

«ከሰሜን መጣችሁ በረዶ ጭናችሁ፣
ሴንት ፖል ስትደርሱ ቀለጠ በእጃችሁ።»

ሲምቦ ደጋግማ ሰማችው። የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድበዋል፤ ጌታም ቢሆን እንጨት ለቃሚ ያዋርደዋል፣ መቆጣት ግን ነውር ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ወይዘሮ ማሚት ሳያስቡት ጨዋታውን ወደ ጥንቱ ቦታ መለሱት።

ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። አራተኛውን በሜዳቸው ተሸነፉ። አምስተኛው ዓርብ ዊኒፔግ ላይ ነበር፤ ሙሊሳ ያፈላው ሻይ ሳይቀዘቅዝ አራት ጎል ገባባቸው፣ ኋላም አምስተኛው። የእኛዎቹ አንድም አላገቡ። ያ ሁሉ ወር የፈጀ ጉዞ ገና በመጀመሪያው ዙር በር ላይ አበቃ። ሲምቦ ቴሌቪዥኑን ልታጠፋ ተነሳች፤ አባቷ እጇን ያዘ። ተጫዋቾቹ እስኪጨባበጡ ድረስ ተቀመጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ቸሩ ደወሉ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። ነገ የመጨረሻሽ ነው፣ ውጤቱን ተናግረሽ አመስግነሽ ተሰናበቺ፣ ስልክ አትክፈቺ፣ ሰው አፉን ይከፍትብሻል አሏት። እሺ ብላ ዘጋች። አምስቱ ደቂቃዎች ሲሄዱ ምን እንደሚቀራት ታውቀዋለች፤ ጥግ ፈልጎ መቀመጥ ነው። ብታጣቸው የሚመልስላት ሌላ ወንበር የለም።

አባቷን ጠየቀችው፤ እናንተ ስትሸነፉ ምን ታደርጉ ነበር አለችው።

«እንቀመጣለን» አለ ሙሊሳ። «እንሰደባለን። የተሸነፈ አይደለም የሚያሳፍረው፤ ስድቡን ሳይሰማ ቤቱ የገባ ነው።»

እሁድ ሲምቦ ማይክሮፎኑን ከፈተች። ውጤቱን አልሸፋፈነችም፤ አምስት ለባዶ ብላ ቁጥሩን በቁሙ አስቀመጠችው። ስለ ተሰበረው እግር፣ ስለ መጥፎ ዕጣ፣ ስለ ዳኛ አንድም አላነሳችም። እናልፋለን ብዬ ነበር፣ አላለፍንም አለች። ከዚያ በመስታወቱ ማዶ ጋሽ ቸሩን እያየች፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። የተሸነፍነው እኛ ነን፣ ስልኩ ክፍት ነው፤ ስደቡን» አለች፤ ስልኩንም በገዛ እጇ ለቀቀችው።

ጋሽ ቸሩ ከወንበራቸው ተነሱ። ሊያስቆሟት የፈለጉ ይመስላሉ፤ ግን የወይዘሮ ማሚት ድምፅ ቀደማቸው።

«ሌሊቱን ስሠራው አደርኩ፣ ስሚኝ» አሉ።

«እናልፋለን አለች የሬዲዮዋ ልጅ፣
ያለፈው ብርዱ ነው፣ እኛ አለን ከደጅ።»

ሲምቦ ሳቀች፤ በሬዲዮ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁት ነጂዎች ስልክ እየተቀባበሉ ሰደቡ። አንዱ የእኛ ቡድን ተሳፋሪ እንደሌለው ታክሲ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ባዶውን ተመለሰ አለ። የሚኒሶታው የወይዘሮ ማሚት ልጅ ስልኩን ከእናቱ ነጥቆ በተሰባበረ አማርኛ ሊሰድብ ሞከረ፣ መሐል ላይ ቃል ጠፋበትና በእንግሊዝኛ ጨረሰው። አምስቱ ደቂቃ አለፈ፤ ጋሽ ቸሩ ሰዓታቸውን አዩና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቀጥሎ ፈነት ከዊኒፔግ ገባች። ጊዜዋን ወስዳ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፦

«ቅሌ ቅሌ ብሎ ሲፎክር የዋለ፣
ባዶ ቅል አንጠልጥሎ ወደ ቤት ኮበለለ።»

አዳራሽ የሚያህል ሳቅ ያቺን ጠባብ ክፍል ሞላው፤ ጋሽ ቸሩ ናቸው የሳቁት። ሲምቦ እስኪያበቁ ጠበቀች።

«ደኅና ሰድበሽናል እትዬ ፈነት» አለች። «ግን ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። የእኛም ቅል ጊዜው ይመጣል፤ ያን ቀን ስልክሽን እንዳትዘጊ።»

ፈነት አልዘጋም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለች፤ ቡድናችን እኮ አለፈ፣ ገና ብዙ ይጫወታል፣ እዚህ በአማርኛ የሚነግረን የለም፣ በሚቀጥለው እሁድ ማንን እንሰማለን?

በክሊኒኩ ቢሆን ሲምቦ አንገቷን ትደፋ ነበር። እዚህ ግን ቀና ብላ ጋሽ ቸሩን አየቻቸው፤ ማይክሮፎናቸውንም ከፈተችላቸው።

«ጋሽ ቸሩ፣ ‹ቡድኑ እስካለ ድረስ› ነበር ያሉኝ። የማን ቡድን እንደሆነ አልተናገሩም።»

አድማጩ ሁሉ እየሰማ ነው። ጋሽ ቸሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አበሱ፣ መልሰው አደረጉ። በሌላ ሰው ንግግር ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ቢያገኙ ምን እንደሚሉ ያውቁታል።

«አልተናገርኩም» አሉ። «ቡድኑ ነው ያልኩት። ቡድንም አለ።» ከዚያ ክብራቸውን ለማዳን፣ «ግን ከእንግዲህ ጥንግ ትያለሽ» ብለው ጨመሩ።

ያልተዘጋ መስመር ኖሮ፣ ወይዘሮ ማሚት ከኩን ራፒድስ፣ «ጋሽ ቸሩ፣ ቅሌዋን አይንኩባት» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥንግ የተናገረ የለም።

ሲምቦ ስትወርድ አባቷ መኪናውን ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት አቁሞ፣ ሬዲዮኑን ገና ሳያጠፋ ይጠብቃታል። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ውኃ ሆኗል። ገብታ በሩን ዘጋች። ሙሊሳ በኦሮምኛ፣ ደኅና ተሰደብሽ አላት። ከዚያ መሪውን ያዘ።

«አንድ ነገር አለ» አለ። «ቅሌ እኮ በእኛ መንደር የጨዋታው ስም ነው። የምንመታትን ነገር ሌላ ነበር የምንላት። ምን እንደሆነ ረሳሁት።»

ሲምቦ ዞር ብላ አየችው። ያን ሁሉ ወር፣ ያን ሁሉ እሁድ፣ ከጋሽ ቸሩ ጋር ያን ሁሉ ትግል አሰበች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ነበር» አለ ሙሊሳ መኪናውን እያስነሳ። «ግን እንዲያ በልበ ሙሉነት ስትናገሪው፣ እኔ የተሳሳትኩ መሰለኝ።»